የተመለሰ ሎሚ

ባሌ የካራቴ አስተማሪ ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "እሺ፣ ሌላስ ምን ይሠራል?" ይለኛል። ሌላ ምንም አይሠራም። ጠዋት ካራቴ፣ ከሰዓት ካራቴ፤ ቤት ገብቶ ድስት ከእሳት ሲያወርድልኝ እንኳ ጉልበቱን ሰበር፣ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ ነው። እኔ ሰገነት፣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነጠላና የእንጨት መስቀል የምሸጥ ሴት፣ ይህን ሰው ወድጄ ነው ያገባሁት። ሳገባው ግን አስተናጋጅ ነበር።

ባሌን፣ ምሥጋናውን፣ ካራቴ የለከፈው ለትምህርት ደሴ በሄደ ጊዜ ነው። ላሊበላ ተመልሶ ሆቴል ሲቀጠርም አልለቀቀውም። ትሪ ተሸክሞ በአንድ እግሩ ይቆማል። የማቀዝቀዣ በር በእግሩ ይዘጋል። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ሹካ ሊጠይቀው ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ነካ ቢያደርገው፣ ዞር ብሎ እጁን በክንዱ መከተው። ሰውየው አልተጎዳም። ምሥጋናው በሌላኛው እጁ የያዘው ሾርባ ግን ተነሥቶ ሄዶ የሰውየው ሚስት ባርኔጣ ላይ አረፈ። ያን ዕለት በቀን ቤት መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ሰጊ፣ ሥራ ለቀቅሁ።"

"አባረሩህ በላ!"

"አላባረሩኝም፤ ተቆጥተው ተዉኝ። እኔ ነኝ የለቀቅሁት። ባርኔጣዋን ስጠርግላት ገባኝ። እኔ አስተናጋጅ አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ።"

"ይሄ እንዲገባህ የሰው ሚስት በሾርባ መታጠብ ነበረባት?"

ተናደድኩ። መናደድ ብቻ አይደለም፣ ለብዙ ቀን ዘይት ያልነካው ሽሮ እየሠራሁ አቀረብኩለት፣ እንዲገባው። እሱ ግን የስፖርተኛ ምግብ አስቤ የሠራሁለት መስሎት አመሰገነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ ትርፉ ድካም ነው፤ ተውኩት። አቡጀዲ ገዝቼ የካራቴ ልብሱን የሰፋሁለትም እኔው ነኝ።

አዳራሽ ያገኘነው አቶ ደባሱ ዘንድ ነው። አቶ ደባሱ ሆቴል ሊሠሩ ጀምረው፣ ቱሪስቱ አንዴ በበሽታው አንዴ በጦርነቱ ሲጠፋ ምድር ቤቱ ላይ ያቆሙ ሰው ናቸው። ቦታው የሚስታቸው የእትዬ ባንችይርጋ የአባት ርስት ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የአቶ ደባሱ ነው። ግድግዳው ላይ "ምግብ ቤት" የሚል ጽሑፍ በትልቁ ሰፍሯል። ቀለሙ አልለቅ ስላለው ምሥጋናው ከላዩ "የካራቴ" ብሎ ጨመረበት። ለገና የሚመጡ ምዕመናን እስካሁን እየገቡ ሽሮ ያዛሉ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረምሶች ነበሩ። "ጡብ የምንሰብረው መቼ ነው?" አሉት። "መጀመሪያ መቆም እንማራለን" ሲላቸው "መቆምማ እናውቃለን" ብለው ሄዱ። የቀሩት ልጃገረዶቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ላይ ቆመው የሚውሉ፣ ሲመሽ ባጃጅ ያጡ እንደሆነ ያንን ዳገት በጨለማ የሚወጡ ናቸው፤ መቆም አልከበዳቸውም። "ማስተር" ብለው ጠሩት። ማስተር ሲሉት ጆሮው እንዴት እንደሚቀላ ብታዩ!

ትልቁ ትምህርቱ የካልሲ ነው። ካልሲ ጠቅልሎ ሳይታሰብ ደረታቸው ላይ ይወረውራል፤ እነሱ በክንዳቸው ይመክታሉ። ሲስቱ "ድገሚ!" ይላል። ሲሳካላቸውም "ድገሚ!" ይላል። እጃቸው የሚወርደው እሱ "ዕረፍ!" ያለ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ የሁሉም እጅ ባንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ቤታችን ውስጥ ጥንዱ የተሟላ ካልሲ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉም የምትበልጠው መቅደላዊት ነበረች፤ ከሱቄ ጎን ሻማና ጧፍ የምትሸጥ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። እሷ ላይ ካልሲ ያረፈበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ጥምቀት መጣ።

አቶ ደባሱ ዮኒ የሚባል ልጅ አላቸው። አስጎብኚ ነው። ለፈረንጅ በየቋንቋው ሲያወራ ይውላል፣ መቅደላዊትን ሲያይ ግን አማርኛውም ይጠፋዋል። አፉ እንቢ ስላለው በእጁ ሊናገር ቆረጠ፤ ከመርሳ የመጣ ቢጫ ሎሚ ገዛ። ታቦቱ ገብቶ ሰው ሜዳው ላይ ሲጨፍር፣ አባቱ ከጎኑ ቆመው "በላ ወርውር፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል፣ የማን ልጅ ነህ!" እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ አሉት። ልጁም ወረወረ።

መቅደላዊት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ እያጨበጨበች ነበር። ክንዷ ብቻ ብድግ አለ። ከሆዷም አንድ ጩኸት ወጣ፤ ምሥጋናው ያስተማራት፣ ሜዳው ላይ የነበረውን በቅሎ ያስደነገጠ ጩኸት። ሎሚው እንደመጣ ተመልሶ የአቶ ደባሱ አፍንጫ ላይ አረፈ። ከበሮው ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጓደኞቿ፣ ልምድ ሆኖባቸው፣ ለማስተር እንደሚመልሱት ባንድ ድምፅ "ኦስ!" አሉ።

ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት። በማግሥቱ ወሬው አሸተን ማርያም ድረስ ወጥቶ ነበር። ከፊሉ "የደባሱን ልጅ በቦክስ መታችው" አለ፤ ከፊሉ "ደባሱን ነው" አለ። እናቶች "ነገ ሎሚ ሲመጣ እንዲህ ልታደርጊ ነው?" እያሉ ልጆቻቸውን ከልምምድ አስቀሩ። አቶ ደባሱም አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና "ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ" አሉት። ምሥጋናው ቤት ገብቶ ግድግዳ ደግፎ ተቀመጠ። ከዚህ አዳራሽ ከወጣ ሌላ እንደማያገኝ፣ ተመልሶ ትሪ እንደሚሸከም ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ቀን ሽሮው ላይ ዘይት ጨመርኩለት። አልበላውም።

አቶ ደባሱ የታረቁልን የመሰለኝ የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ዮሐንስ ሽምግልና ይሁን ሲሉ ነው። "እዚያው አዳራሹ ውስጥ እንቀመጥ፤ ልጁ የሚያስተምረውን ነገር በዓይናችን እንየው" አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ።

በሩ ላይ ምሥጋናው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ይቅርታ አባቶቼ፣ እዚህ ጫማ ይወልቃል" አለ። ልሞት ነበር። ከቤታቸው ሊያስወጡት የመጡ ሰዎችን ጫማ ያስወልቃል!

"እሱስ የለመድነው ነው" አሉ አባ ገብረ ዮሐንስና አወለቁ። አቶ ደባሱ ግን "በገዛ ቤቴ?" ብለው ቆሙ።

"አውልቅ እንጂ፣ ምን ይጎድልብሃል?" አሉ ከኋላቸው እትዬ ባንችይርጋ፤ ለሽማግሌዎቹ ዳቦና ጠላ ይዘው መጥተዋል። አቶ ደባሱ አወለቁ። ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ብቅ ብሎ ነበር፤ ለምን እንደተግደረደሩ ያኔ ገባኝ።

ወንበር ስለሌለ ሁሉም ለልምምድ የተነጠፈው ስፖንጅ ላይ ተቀመጡ። ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ መቆጣት ከባድ ነው፤ አቶ ደባሱ በተናገሩ ቁጥር ወደ አባ ገብረ ዮሐንስ ይንሸራተቱ ነበር።

"አባቴ፣ ልጄ ሸጋ ልጅ ነው። ሎሚ ወረወረ እንጂ ድንጋይ አልወረወረም። ካልፈለገችው መሬት ወድቆ ይቅር! ደንቡ እንደዚያ ነው። ሎሚ በክንዷ የመለሰች ልጅ ግን ላስታ ላይ ታይታ አትታወቅም። ይህ ሰው ነው ያበላሻት። አፍንጫዬን እዩት!"

ሁሉም አዩት። አፍንጫቸው ያው የድሮው ነበር።

ምሥጋናው ተነሣ። "አባቶቼ፣ ልጅቷን አትውቀሷት። እጇ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ዕለት ዕለት ደረቷ ላይ ካልሲ ስወረውርባት የኖርኩት እኔ ነኝ። እጇ ሎሚውን ካልሲ መስሎት ነው።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ "ካልሲ?" አለ።

"እንዲህ ከሆነማ ቀላል ነው" አሉ አባ ገብረ ዮሐንስ። "አሁን አውቃ፣ አይታ ትቁም። ዮኒ ይወርውር። ሎሚው ደረቷ ላይ ካረፈ ስድብ አልነበረም ማለት ነው፤ ነገሩም እዚሁ ያልቃል።"

"ካላረፈ ግን ዛሬውኑ ስፖንጁን ጠቅልሎ ይሂድ" አሉ አቶ ደባሱ።

አንድ ዘንቢል ሎሚ መጣ። መቅደላዊት በአዳራሹ መካከል ቆመች። ዮኒ ሎሚ አነሣ፤ ፊቱ ከሎሚው ይበልጥ ቢጫ ነበር። "አባዬ፣ ይቅርብን" አለ።

"ወርውር!"

ወረወረ። መከተችው። ሎሚው ተንከባልሎ "ምግብ ቤት" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆመ። "እጇ አልሰማም ይሆናል፤ ይድገም" አሉ አባ ገብረ ዮሐንስ። ደገመ፤ መከተችው። ሽማግሌዎቹ እየተመቻቸው መጣ። አንዱ "እስቲ ከግራ በኩል" አለ። አንዱ "ዝቅ አድርገህ!" አለ። አባ ገብረ ዮሐንስ ጠላቸውን አስቀምጠው "የግራ እጇስ ከቀኟ አያንስም!" ብለው አደነቁ። ከአቶ ደባሱ በቀር ሁሉም ክሱን ረሳው።

"ጨዋታ አደረጋችሁት!" ብለው ተነሡ። "አንተ ማስተር፣ ለአንተ ትታዘዛለች። እጇን እንድታወርድ እዘዛትና ይብቃን።"

ምሥጋናው "ዕረፍ!" ቢል እጇ ዱብ እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ቃል ናት። አዳራሹ የሱ ይሆናል፣ እናቶቹ ይታረቃሉ፣ እሱም አስተማሪ ሆኖ ይቀራል። እኔ በልቤ "በላት፣ በላት፣ በላት" እያልኩ ነበር። ምሥጋናው ዞር ብሎ አየኝ፤ በዓይኔም ነገርኩት። ከዚያ ወደ መቅደላዊት ሄደ።

"መቅዲ፣ እጅሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ማስተር" አለች። "የጥምቀቱንም ሲመጣ አይቼዋለሁ። ዮኒ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ሎሚው ከወደቀ አንዱ ያነሣልኛል ብዬ ፈራሁ።"

ምሥጋናው ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። "ተሳስቻለሁ፤ እጇ አይደለም። እንግዲህ የማትፈልገውን እንድትመልስ ያስተማርኳት እኔ፣ እጅሽን አውርጂ አልላትም" አለና ተንበርክኮ ስፖንጁን መጠቅለል ጀመረ። ስፖንጁ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ይነሡለት ነበር። እኔ ያን ሰዓት ተናደድኩበት፣ አለቀስኩም፣ እንደዚያን ቀን ደግሞ ወድጄው አላውቅም። ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። ሄጄ በሌላኛው ጫፍ አብሬው መጠቅለል ጀመርኩ።

"ቆይ እስቲ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል። እትዬ ባንችይርጋ ናቸው። የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጠው፣ መሬት ከወደቁት ሎሚዎች አንዱን አንሥተው አገላብጠው ያዩታል።

"አንተ ልጅ፣ ይቺን እጅ ማንሣቷን በኔ ዕድሜ መማር ይቻላል?"

"ምን አልሽ?" አሉ አቶ ደባሱ።

"ልጁን ነው የጠየቅሁ።" ሚስትየዋ ወደ ባላቸው ዞሩ። "ደባሱ፣ ያኔ የወረወርከው ሎሚ ደረቴን አልመታኝም፤ ጆሮዬን ነው የመታኝ። ደንቡ ነው ብዬ መሬት ትቼው ሄድኩ። እናቴ ናት አንሥታ መቀነቴ ላይ ቋጥራ ያመጣችው።"

አቶ ደባሱ ተጠቅልሎ ያለቀው ስፖንጅ ላይ ዘፍ አሉ። "ባንቺ… አንሥተሽው ነው ብዬ ነው እኮ የኖርኩት!"

"ሸጋ ሰው ነህ፤ አልከፋኝም። ግን የጠየቀኝ የለም። እጄን አንሥቼ መልሼልህ ቢሆን፣ እናቴ ምን አግኝታ ትቋጥር ነበር?" ከዚያ ምሥጋናውን "ዘርጋው ስፖንጁን" አሉት። "ቦታው የአባቴ ነው። ነገ ከቤተ ስኪያን መልስ እመጣለሁ።"

አባ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን አውጥተው ሁላችንንም ባረኩ። ነገሩን የቋጩት ግን በሌላ ነው፤ ሲወጡ ጫማቸውን እያጠለቁ "ያ ከግራ በኩል የመጣው ሸጋ ነበር" አሉ።

ባሌ የሙሉ ቀን አስተማሪ የሆነው እንዲህ ነው። በማግሥቱ እትዬ ባንችይርጋ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ፤ ብቻቸውን ግን አልመጡም። ልጆቻቸውን ያስቀሩት እናቶች ነበሩ ከኋላቸው። ጠዋት የእናቶች፣ ከሰዓት የልጆች ሆነ። ሆቴሉ ተመለስ ብሎ ላከበት፤ "ጊዜ የለኝም" አለ፣ እውነቱን ነው። እናቶቹ ሲመክቱ "ኦስ" አይሉም፣ "እሰይ!" ይላሉ። አሁን ከመላው ላሊበላ ካልሲ ይለመንላቸዋል። ዮኒም ተመዘገበ፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ መቆም ይማራል። መቅደላዊት እስካሁን ምንም አላለችውም፤ እሱም ሁለተኛ ሎሚ አልያዘም፤ አንዳንዴ ግን ሻማ ሊገዛ ሲመጣ አያታለሁ፤ ቤታቸው እኮ መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

አቶ ደባሱ ዓመቱን ሙሉ እንደታመመ ሰው ከረሙ። ሱቄ ይመጡና ነጠላ የሚያዩ መስለው ይቆማሉ። አንድ ቀን ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "ሎሚ በየት በኩል ቢመጣ ነው ባንቺ የማትመክተው?"

"ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ ባሌን ይጠይቁት።"

ጠየቁት። ማስተር ብዙ አሰበ፣ ጉልበቱን ሰበር አደረገ፣ ክንዱን በአየር ላይ አዙሮ ሞከረ። "አባባ" አላቸው በመጨረሻ፣ "በየትም በኩል ይመክታሉ። ጎበዝ ሆነዋል። አስቀድመው ቢጠይቋቸው ነው የሚሻለው።"

ጥምቀት ዞሮ መጣ። ታቦቱ ገብቶ፣ ከበሮው ደምቆ፣ እናቶቹ ተሰብስበው ሲያጨበጭቡ አቶ ደባሱ ነጭ ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው መጡ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፤ ሎሚ ይዘዋል። እንደ ልጃቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ዘንድሮ "የማን ልጅ ነህ" የሚላቸው አጠገባቸው የለም።

"ባንቺ፣ ልወርውር?"

ጭብጨባው ቆመ። እትዬ ባንችይርጋ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ነጠላቸውን አደገደጉ። ጉልበታቸውን ሰበር አደረጉ።

"ወርውር።"

ወረወሩ። የእትዬ ባንችይርጋ ክንድ ብድግ አለ። ሎሚው ተፈናጥሮ ሄዶ አጠገቤ የቆመውን ማስተር ምሥጋናውን ግንባሩ ላይ አገኘው፤ ይህን ሁሉ ሰው መመከት ያስተማረ ባሌ እጁን እንኳ አላነሣም። እናቶቹ "እሰይ!" አሉ። አቶ ደባሱ አንገታቸውን ደፉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቀስ ብለው ዞረው መሄድ ጀመሩ። አንጀቴን በሉት።

"አንተ! የት ነው የምትሄደው?" አሉ እትዬ ባንችይርጋ። እጃቸው እንደተነሣ ነው፤ ፊታቸው ግን እየሳቀ ነበር። "ድገም እንጂ!"

አቶ ደባሱ ቆሙ። ጋቢያቸውን ዳበሱ፣ ኪሳቸውን ዳበሱ። የያዙት አንድ ሎሚ ብቻ ነበር። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሎሚ ሻጮቹ ሮጡ። አቶ ደባሱ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።